«ጓያ ነው» ለተባልን ቤተሰቦች፦ ኦርፋኔት ምን ይጠቅማል?

የወሎ ደላንታ ልጅ ነኝ፤ ደሴ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እኛ አገር እግሩ ደርቆ፣ ጉልበቱ እርስ በርሱ እየተጋጨ በዱላ የሚሄድ ሰው ሲታይ ብዙ አይጠየቅም። «ጓያ ነው» ይባላል፣ ነገሩ ያበቃል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ዝናብ ሲጠፋ የሚተርፈው ጓያ የሚባለው ጥራጥሬ ነው። እሱን ብቻ ለወራት የበላ ሰው ውስጡ ባለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ እግሩን ሊያጣ ይችላል። የደላንታና የዳውንት ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሳይቀር ወጥቷል።

ታላቅ ወንድሜም «ጓያ የሰበረው» ከሚባሉት አንዱ ነው። ጥያቄ ያመጣችብን ልጁ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ደሴ እኔ ጋ ነው ያደገችው። እኛ ቤት ሽሮው የአተርና የባቄላ ነው፣ ጓያ አይገባበትም። ከፍ ስትል ግን የጫማዋ አፍንጫ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር። ደረጃ ስንወጣ «አክስቴ፣ እግሬ አልታጠፍ አለኝ» ትለኛለች። አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳት። ከየት እንደሆንን ሲሰሙ ካርዱ ላይ ጓያ ብለው ጻፉና ቫይታሚን አዘዙልን። ያ ቀን እስካሁን ያናድደኛል። ምን እንደምትበላ እንኳ የጠየቃት የለም።

ወደ ኦርፋኔት የገባሁት ከዚያ በኋላ ነው። እምብዛም በማያጋጥሙ በሽታዎች ላይ የተሰበሰበ ነፃ ድረ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ኢንሰርም የተባለው የፈረንሳይ የሕክምና ምርምር ተቋም ነው ያቋቋመው። አውሮፓ ውስጥ ከ2,000 ሰው ከአንድ ያነሰ የሚይዝ በሽታ እዚህ መዝገብ ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ በሽታ የራሱ ቁጥር አለው። መመዝገብ አያስፈልግም፣ ክፍያ የለውም። ገጾቹ በአብዛኛው ጽሑፍ ስለሆኑ ስልኬ ላይ ባለችው ትንሽ ፓኬጅ አንብቤዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አስቀድማችሁ እወቁ። መፈለጊያው የሚጠብቀው የበሽታ ስም፣ የዘረመል ስም ወይም የበሽታ መለያ ቁጥር ነው። እኛ ደግሞ የጎደለን ስሙ ነው። ስለዚህ እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ምልክቶችን ከበሽታዎች ጋር ወደሚያያይዝ ሌላ ነፃ መዝገብ ነው፤ ሂዩማን ፌኖታይፕ ኦንቶሎጂ ይባላል። «የተገተረ አረማመድ» የሚለውን በእንግሊዝኛው የሕክምና ቃል ሳስገባ ረጅም ዝርዝር ሰጠኝ። በዘር የሚተላለፍ የእግር መገተር የሚባል የበሽታ ቤተሰብ ያየሁት እዚያ ነው። ከዚያ ስሙን ይዤ ወደ ኦርፋኔት ተመለስኩ።

ገጹን ሳነብ ልቤ መታ። ከ100,000 ሰው ከ1 እስከ 9 ያህል ይይዛል ይላል። ከእግር ይጀምራል፣ ቀስ እያለ ይብሳል፣ በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ ይችላል። ከ80 በላይ ዓይነት አለው። በብዛት የሚገኘው ኤስፒኤኤስቲ ከሚባል ዘረመል ጋር የተያያዘው ነው። እሱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ጓያና ይህ በሽታ መልካቸው በጣም ይቀራረባል። ሁለቱም እግር ይገትራሉ፣ አእምሮን ግን ብዙውን ጊዜ አይነኩም። አመጣጣቸው ግን ይለያያል። ጓያ በአጭር ጊዜ ይይዝና አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ይቆማል። የዘሩ ግን ዓመት ቆጥሮ ይጨምራል።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። «እንዴት ነው የጀመረህ?» አልኩት። «ቀስ እያለ ነው እህቴ። መጀመሪያ ቁልቁለት ስወርድ ያደናቅፈኝ ነበር። ዱላ የያዝኩት ስንት ክረምት ቆይቶ ነው» አለኝ። አባታችንም በዱላ ነበር የሚሄዱት፤ የሰፈሩ ሰው እርጅና ነው ይል ነበር። ሦስት ትውልድ በአንድ ወረቀት ላይ ሳልኩት፤ ወንዱን በአራት ማዕዘን፣ ሴቷን በክብ፣ እግሩ የተያዘውን አጥቁሬ። ተማሪዎቼን የማስተምረው ሥዕል ነው። አባት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ በአንድ መስመር ጠቆሩ።

ለእኔ የኦርፋኔት ትልቁ ዋጋ «ከምን ይለያል?» የሚለው ክፍል ነው። እሱን መነሻ አድርጌ ለነርቭ ሐኪሙ ጥያቄ አዘጋጀሁ። የአከርካሪ ቲቢ አለመሆኑ ታይቷል? ቫይታሚን ቢ12ስ? ኤችቲኤልቪ 1 የሚባለው ቫይረስስ? ሌቮዶፓ በተባለው መድኃኒት የሚሻል የእንቅስቃሴ ሕመም ቢሆንስ? እነዚህን ማስቀደም ይገባል፣ ግማሾቹ ይታከማሉና። ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብለው በእርጋታ አነበቡ። «ይህ የቤተሰብ ሥዕል ብዙ ሥራ አቀለለልኝ» አሉ። ኤምአርአይ ተነሳች፣ ደም ሰጠች፤ የሚታከሙት ሕመሞች አንድ በአንድ ተመርምረው እንዳልሆኑ ታወቀ። አሁን ካርዷ ላይ ያለው ጓያ ሳይሆን በዘር የሚተላለፍ ተብሎ የተጠረጠረ ነው። የዘረመል ምርመራው ገና አልተሠራም። ባክሎፌን ትወስዳለች፣ ፊዚዮቴራፒ ትሠራለች። መድኃኒቱ በሽታውን አያጠፋውም፤ መገተሩን ግን ቀንሶላታል።

የሚጎድለውም አለ። ገጹ እስከ ፖላንድኛና ቼክኛ ድረስ ይገኛል፣ በአማርኛ ግን የለም። እንግሊዝኛውም ለሐኪም የተጻፈ ነው፤ ወንድሜ ብቻውን ቢከፍተው አንድ መስመር አይገፋም። የባለሙያ ማዕከላት ዝርዝሩ በአብዛኛው የአውሮፓ ነው፣ ከደሴ ተነስቶ የሚደረስበት አይደለም። የስርጭት ቁጥሮቹም በአብዛኛው ሰው በተቆጠረበት አገር የተገኙ ናቸው። ወሎ ላይ ማን ቆጠረ? ስንቱ የዘር ሕመም «ጓያ» ተብሎ ተቀብሯል? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ይነሳኛል። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ቢይዙት ደስ ይለኛል፤ ደላንታ ወርዶ በየቤቱ የትውልድ ሥዕል መሳል በሚሊዮን ብር የሚሠራ ሥራ አይደለም።

ለኦርፋኔት ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። በሽታው ወደፊት ምን እንደሚሆን የሚናገረውን ክፍል ግን ለታማሚው ብቻውን እንዲያነብ አትስጡት፤ እኔ ለልጅቷ አጠገቧ ተቀምጬ ነው የተረጎምኩላት። እግሩ በቀናት ውስጥ የከዳው፣ ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ወይም ጀርባው ላይ እብጠት ያለው ሰው ደግሞ ድረ ገጽ መክፈት የለበትም። ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂድ።