ፓወር ፖይንት ለአማርኛ ፕረዘንቴሽን፦ ምኑ ይመሰገናል፣ ምኑ ያጋልጣል

ለቦርድ፣ ለባንክ ወይም ለደንበኛ በአማርኛ ገለጻ ለሚያቀርብ ሰው ፓወር ፖይንት አሁንም የመጀመሪያ ምርጫችን ነው። ኢንተርኔት ቢቋረጥ ግድ የለውም፣ የስብሰባ አዳራሽ ኮምፒውተር ላይም አይጠፋም። ሆኖም እንደተጫነ፣ ምንም ሳይነካካ ከተጠቀሙበት አማርኛ ላይ ያዋርዳል።

ትልቁ ጣጣ ፎንት ነው። ፋይሉ በተለመደው አሠራር የሚይዘው የፎንቱን ስም እንጂ ፎንቱን አይደለም። ቢሮ ውስጥ ያማረው ስላይድ አዳራሽ ሲደርስ ሌላ ፎንት ይተካበታል፤ የፊደሎቹ ስፋት ስለሚለያይ የአንድ መስመር ርዕስ ሁለት መስመር ይሆናል፣ የሰንጠረዡም ቁጥር ከሳጥኑ ይወጣል። መፍትሔው እዚያው አለ። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ ገብተው «ኢምቤድ ፎንትስ ኢን ዘ ፋይል» የሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ። ከሥሩ ካሉት ሁለት አማራጮች ሁሉንም ፊደላት የሚያካትተው ይሻላል። ጥቅም ላይ የዋሉትን ብቻ የሚይዘው ፋይሉን ቢያሳንስም፣ በመጨረሻ ሰዓት በሌላ ኮምፒውተር አንድ ቃል ማረም ሲያስፈልግ ያስቸግራል። ከዩኒኮድ (ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር ከሚጠቀምበት የፊደላት የጋራ ኮድ) በፊት በነበሩ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ የቆየ ፋይል ግን ፎንቱ ከሌለ ወደ ላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ይለወጣል፤ እሱን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ወይም እንደገና መጻፍ ነው።

ኒያላ የተባለው የአማርኛ ፎንት የራሱ ቦልድ (ወፍራም ፊደል) ስለሌለው ቦልድ ሲደረግ ፕሮግራሙ በግድ ያወፍረዋል፤ የጨ እና የጠ ክፍተት ይደፈናል። ኢብሪማ እና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የራሳቸው ቦልድ አላቸው፣ ኖቶ ደግሞ በነጻ ይገኛል። ለዋናው ጽሑፍ ከ28 ነጥብ ባይወርዱ ጥሩ ነው። «ይሸጡ» እና «ይሸጥ» የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ ጭረቷ ደግሞ ከኋላ ረድፍ ላለ ሰው ቀድማ ትጠፋለች። የመስመር ክፍተቱን 1.2 ያድርጉት። ኢታሊኩን ይተዉት፣ የግዕዝ ፊደል ሲያጋድል አያምርም፣ አይነበብምም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ጉዳይ እንምጣ። ከኤክሴል ግራፍ ገልብጠው ሲለጥፉ የሚመጡት አማራጮች ትንንሽ ምልክቶች ስለሆኑ ብዙ ሰው አያያቸውም። «ኢምቤድ ወርክቡክ» የሚሉት ግራፉን ብቻ ሳይሆን የኤክሴል ፋይሉን በሙሉ፣ ከሌሎቹ ሺቶች ጋር፣ ስላይዱ ውስጥ ይከታሉ። የሽያጭ ግራፍ የላኩለት ደንበኛ «ኤዲት ዴታ» ብሎ የደመወዝ ሺትዎን ሊከፍት ይችላል። «ሊንክ ዴታ» ደግሞ የኤክሴሉ ፋይል ቦታ ሲቀይር ይቆረጣል። ከቢሮ ለሚወጣ ፋይል ግራፉን በፒክቸር መልክ መለጠፍ አለብዎት፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሌላው የቀን ጉዳይ ነው። ኤክሴል የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። ወር የሚቀድምበት የአሜሪካ የቀን አጻጻፍ ባለው ኮምፒውተር ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ብለው ቢያስገቡ ሜይ 13 አድርጎ ይወስደዋል። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የወራቱን ስም ከሐምሌ እስከ ሰኔ በጽሑፍ ማስገባት ከስህተት ያድናል።

አቀራረቡ ላይ ግን ፓወር ፖይንት የሚመሰገን ነው። ፕሮጀክተሩን ከሰኩ በኋላ የዊንዶውስ እና የ«P» ቁልፎችን አንድ ላይ ተጭነው «ኤክስቴንድ»ን ይምረጡ፤ ማስታወሻዎ ለእርስዎ ብቻ፣ ስላይዱ ለታዳሚው ይታያል። ስክሪኖቹ ከተገለባበጡና ማስታወሻው ግድግዳ ላይ ከወጣ «ስዋፕ» የሚለው ያስተካክለዋል። ፕሮጀክተር ሳይኖር ለመለማመድ ኦልት እና ኤፍ 5 ይበቃል። ጥያቄ ሲነሳ የ«B» ቁልፍን ይጫኑ፣ ስክሪኑ ይጠቁርና ዓይን ሁሉ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ወደ 14ኛው ስላይድ ለመዝለል 14 ጽፎ ኤንተር መምታት ነው፤ በሰው ፊት ስላይድ በስላይድ ወደ ኋላ ከመሮጥ ያድናል።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። በ«ሪኸርስ ታይሚንግስ» ተለማምደው ሰዓቱን ካስቀመጡት፣ በዕለቱ ስላይዶቹ እርስዎን ሳይጠብቁ በራሳቸው ያልፋሉ። «ስላይድ ሾው» ውስጥ «ዩዝ ታይሚንግስ» ላይ ያለውን ምልክት ያጥፉት። የቴሌግራም ማሳወቂያንም አብረው ይዝጉ፤ የግል መልእክት ግድግዳ ላይ እንዳይወጣ።

ጉግል ስላይድስ አራትና አምስት ሰው በአንድ ፋይል ላይ ሲሠራ ይበልጣል። ረቂቁን እዚያ አዘጋጅቶ፣ በፓወር ፖይንት ፋይልነት አውርዶ፣ ኖቶን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖና ፋይሉ ውስጥ አስገብቶ ገጽ በገጽ ማየት ይቻላል። ከእሱ ጋር የፒዲኤፍ ቅጂ ፍላሽ ላይ ይያዙ፤ አኒሜሽኑ ይቀራል እንጂ ፊደሉ አይበላሽም።