ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ክብደት አከፋፋይ መጎተቻ ካራቫንን (በመኪና የሚጎተት ቤትን) ከመኪና ጋር ቀጥሎ፣ ኋላ ላይ የሚያርፈውን ክብደት በሚወጠሩ ዘንጎች ለሌሎቹ ጎማዎችም የሚያካፍል ዕቃ ነው። የሚገዛው ሰው መጀመሪያ የሚያየው የመኪናውን ኋላ ነው። ካራቫኑ ሲቀጠል ፒካፑ ቁጢጥ ይላል፤ ዘንጎቹ ሲወጠሩ ቀና ይላል፤ ባለቤቱም ደስ ይለዋል። እኔ ከወራት በኋላ ጥቅሙን የምለካው በፊት ጎማዎቹ ነው።

ነገሩ የማንሻ ሒሳብ ነው። ካራቫኑ የሚቀጠልበት የመጎተቻው ኳስ ያለው ከኋላ አክስል አልፎ ነው። ካራቫኑ ኳሱ ላይ 300 ኪሎ ይጫን እንበል። ኳሱ ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ በሁለቱ አክስሎች መካከል ደግሞ 3.6 ሜትር ቢኖር፣ የኋላው የሚሸከመው 300 ሳይሆን 400 ኪሎ ነው። ትርፉ 100 ኪሎ ከፊት ጎማዎች የተነሳ ነው። መሪው የሚቀለው ለዚህ ነው። ፍሬን ሲያዝም የፊት ጎማ መንገዱን እንደ ልብ አይቆነጥጥም። ማታ ደግሞ መብራቱ ሽቅብ ሄዶ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዐይን ይወጋል።

መጎተቻው ሁለት የሞላ ብረት ዘንጎች አሉት። አንዱ ጫፋቸው ከኳሱ ሥር ይገባል፤ ሌላው ጫፍ ወደ ካራቫኑ ሻሲ በሰንሰለት ወይም በማቀፊያ ተስቦ ይታሰራል። ሲወጠሩ መኪናውንና ካራቫኑን መገጣጠሚያቸው ላይ ወደ ላይ ሊያጥፏቸው ይታገላሉ። በምሳሌያችን ላይ የፊቱ 100 ኪሎ ሙሉ በሙሉ ቢመለስና የካራቫኑ ጎማዎች ከኳሱ 5 ሜትር ቢርቁ፣ እነሱም 70 ኪሎ ገደማ ይካፈላሉ፤ የኋላው አክስል ከ400 ወደ 230 ገደማ ይወርዳል። ድምሩ ያው 300 ነው። ክብደት የትም አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ።

ስለዚህ ሜትር ይዤ የምቆመው ከፊት ነው። ከመሬት እስከ ፊት ፓራፋንጎ ሦስት ጊዜ ይለካል፦ ካራቫኑ ሳይቀጠል፣ ተቀጥሎ ዘንጎቹ ሳይወጠሩ፣ ከተወጠሩ በኋላ። በእኔ መኪና ሁለተኛው ልክ 3 ሴንቲ ከፍ አለ፤ ሦስተኛው 2 ሴንቲውን መለሰ። ሁሉም መመለስ አለበት ወይስ ግማሹ ይበቃል የሚለውን የመኪናው መመሪያ ይነግራል። እንደ ፋብሪካው ይለያያል። ልኩ ካልመጣ የመጎተቻው ራስ ዘመም የሚልበት ልክ በሮንዴላ ይስተካከላል፣ ወይም ሰንሰለቱ በአንድ ቀለበት ያጥራል።

ዘንጎቹን ማሰር ጉልበት የሚጠይቅ ይመስላል፤ አይደለም። ኳሱ ከተቆለፈ በኋላ የካራቫኑን አፍንጫ በክሪኩ መልሶ ወደ ላይ ማንሳት ነው። የመኪናው ኋላም አብሮ ይነሳል፣ ዘንጎቹ ይላላሉ፣ በእጅ ይገባሉ። ያለ ክሪክ፣ ዘንጎቹን ለማስገባት በሚያገለግለው ብረት ብቻ ለመታገል የሚሞክር ሰው ግን ይጠንቀቅ፦ ካመለጠ ብረቱ ጥርስ ያወልቃል።

ቅሬታዬ? አንደኛ፣ ከባድ ነው። ከመኪናው ነቅሎ መልሶ መግጠም ወገብ ይፈትናል። ሁለተኛ፣ ጠባብ መታጠፊያ ላይ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል። ኳሱን ግራሶ መቀባት ይረዳል፤ ዘንጎቹ በሰበቃ የካራቫኑን መወዛወዝ የሚከላከሉ ዓይነት ከሆኑ ግን የሚፋተጉበት ቦታ ላይ ቅባት አይነካም፤ ሥራቸውን ያበላሻል። ማቀፊያው ላይ ቀለሙ ተፍቋል፤ ያ የሚጠበቅ ነው። ብሎኖቹን ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ መልሼ ያጠበቅኩ ሲሆን እስካሁን አልላሉም።

በመንገድ ላይ ትልቁ ለውጥ መሪው ነው፤ ክብደቱ ተመልሷል። ረጅም የጭነት መኪና አልፎ ሲሄድ የሚመጣው ግፊት አሁንም ይሰማል፣ ግን መሪውን ቶሎ ቶሎ ማረም አያስፈልግም።

በደንብ ያልተጫነ ካራቫንን ግን አያድንም። ከካራቫኑ ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። ዕቃው ሁሉ ከኋላ ከተከመረ ካራቫኑ ጅራቱን መወዝወዙ አይቀርም። የመኪናውን የመጎተት አቅምም ከፋብሪካው ገደብ በላይ አያሳድግም። አንዳንድ ፋብሪካዎች ደግሞ ጭራሽ አይፈቅዱትም፤ ካራቫኑ ሲገፋ ራሱ የሚይዝ ፍሬን ካለውም ሁሉም ዓይነት አይስማማውም። ትንሽ ካራቫን በትልቅ መኪና የሚጎትት ሰው ፓራፋንጎው ብዙም ካልተነሳ ገንዘቡን ለጥሩ ጎማ ቢያውለው ይሻለዋል።