የአንጎል ማስተማሪያ ሞዴል፦ ላዩ የተዋጣለት፣ ውስጡ የተዘነጋ

ለነርስና ለጤና መኮንን ተማሪዎች የነርቭ ሥርዓትን በማስተምርበት ክፍል ስንገለገልበት የቆየነውን፣ በ8 ክፍል የሚፈታታና በማግኔት የሚገጣጠም የፕላስቲክ የአንጎል ሞዴል ለመግዛት ለሚያስቡ መምህራን የታዘብኩትን ማካፈል እፈልጋለሁ። ግምገማዬ በዋናነት የሚያተኩረው ሞዴሉ ከአንጎል ቅርፊት ሥር የተሸሸጉትን ክፍሎች እንዴት እንደሚያሳይ ላይ ነው፤ ምክንያቱም የአንድ ሰው ትዝታ፣ ፍርሃት ወይም ተነሳሽነት ድንገት ሲለወጥ ጉዳቱ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በጥንካሬው ቅሬታ የለኝም። ማግኔቶቹ ተማሪዎች ደጋግመው ቢፈቱትም አልላሉም፤ የቅርፊቱ እጥፋቶችም በጥንቃቄ የተቀረጹ ናቸው። ከጆሮ በላይ ያለው ክፍል ሲነሳ ለትዝታ ወሳኝ የሆነው ሂፖካምፐስ ጎልቶ ይታያል፣ በጣትም ይዳሰሳል። ይህ ለእኔ የሞዴሉ ትልቁ ጥቅም ነው። የሄንሪ ሞላይሰንን ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎች ቦታውን በእጃቸው እየነኩ ያዳምጣሉ። የ27 ዓመቱ አሜሪካዊ ለሚጥል በሽታው መፍትሔ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1953 በዶክተር ዊሊያም ስኮቪል ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ከግራም ከቀኝም የሂፖካምፐሱ ሰፊ ክፍል ከአካባቢው ጋር ተወገደ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ አዲስ ገጠመኝ በትዝታው ሊያኖር አልቻለም። ሆኖም ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር በመስታወት እያየ ኮከብ እንዲስል ስታደርገው፣ ቀደም ሲል መሞከሩን ፈጽሞ ባያስታውስም እጁ ከቀን ወደ ቀን ተሻሻለ። የእጅ ልምድና የገጠመኝ ትዝታ በተለያዩ የአንጎል ክፍሎች እንደሚያዙ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ለተማሪ ማቅረብ አይቻልም።

ከሂፖካምፐስ ፊት ለፊት ያለው፣ ለፍርሃት ስሜት ወሳኝ የሆነው አሚግዳላ ግን ራሱን የቻለ ቅርጽ አልተሰጠውም፤ የተለጠፈበት ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ኤስ ኤም በሚል መለያ የምትታወቀው ሴት በሁለቱም ወገን አሚግዳላዋ በበሽታ በመጎዳቱ እባብን እንኳ ያለ ፍርሃት ትይዝ እንደነበር ለተማሪ ነግሮ ቁጥር ማሳየት አጥጋቢ አይደለም።

ሞዴሉን አጥብቄ የምወቅሰው በባዛል ጋንግሊያ፣ ማለትም እንቅስቃሴንና ተነሳሽነትን በሚያግዙት የአንጎል ጥልቅ ክፍሎች ላይ ነው። ከእነዚህ ክፍሎች ኮዴት፣ ፑታመንና ግሎበስ ፓሊደስ በአንድ ዓይነት ሐመር ቀለም ተቀብተው ድንበራቸው ጠፍቷል። ግሎበስ ፓሊደስን የት እንደሚጀምር ለማሳየት እኔ ራሴ በማርከር መስመር አስምሬበታለሁ። ጉዳዩ ለአገራችን ተማሪ ቀላል አይደለም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድዶ መተኛት እንደሚገድል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሞት የተረፈው ሰው ምን እንደሚገጥመው ግን እምብዛም አይነገርም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ በዚህ የኦክስጅን እጥረት በተለይ ከሚጎዱት የአንጎል ክፍሎች አንዱ በግራና በቀኝ ያለው ግሎበስ ፓሊደስ ነው። አንዳንዱ ታማሚ ነቅቶ፣ ቤተሰቡን ለይቶ፣ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ እርምጃው ይዘገያል፣ ሐሳቡም ይደነዝዛል።

ሁለቱም ወገን ሲጎዳ ከሚታዩት ለውጦች እጅግ የሚያሳዝነኝ ተነሳሽነት ማጣት ነው። ሰውየው ካልጠየቁት አይናገርም፤ ሲጠየቅ ግን በትክክል ይመልሳል። «ተነስና ታጠብ» ሲባል ተነስቶ ይታጠባል፤ ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ሌላ ሰው እስኪያስነሳው ድረስም እዚያው ይውላል። አዝነህ ነው ወይ ሲሉት አላዘንኩም ሊል ይችላል። ቤተሰብ ሰነፈ ወይም አኮረፈ ይለዋል፤ ዓይነ ጥላ ነው የሚልም አይጠፋም። ወደ ጤና ጣቢያ ሲያመጡት የምትቀበለው ነርስ ስለ ከሰል ጭስ እንድትጠይቅ ከተፈለገ፣ ይህን ክፍል በትምህርት ቤት ሳለች ለይታ ማየት ነበረባት።

በመካከለኛው አንጎል ያለው ሰብስታንሺያ ናይግራም እንዲሁ ተዘንግቷል። በእውነተኛ አንጎል ላይ በዓይን የሚታይ ጥቁር መስመር ሲሆን፣ በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የተባለውን ለእንቅስቃሴ የሚያስፈልግ ኬሚካል የሚያመነጩት ሕዋሳቱ ስለሚሞቱ ይገረጣል። አምራቹ አንድ ጥቁር መስመር ቢቀባ ኖሮ ብዙ ማብራሪያ ይቆጥብልን ነበር። የምስር ፍሬ የምታክለው ሰብታላሚክ ኒውክሊየስ በዚህ መጠን ሞዴል ላይ ባትኖር አልፈርድም፤ በስትሮክ ስትጎዳ የተቃራኒው ወገን እጅና እግር ከፈቃድ ውጭ በኃይል እንደሚወራጭ ግን በቃልም ቢሆን አስተምራለሁ።

የቅርፊቱን ክፍሎችና ሂፖካምፐስን ለማስተማር ሞዴሉ ዋጋውን ያወጣል፣ ያለ ስጋት ይገዛ እላለሁ። ስለ ጠባይ ለውጥና ስለ እንቅስቃሴ መዛባት ለሚያስተምር ግን፣ በአግድም ተቆርጦ የውስጡን ክፍሎች በየቀለማቸው የሚያሳይ ሞዴል ይሻለዋል። ይህኛውን አስቀድሞ የገዛ መምህር ባዛል ጋንግሊያውን በቀጭን ብሩሽ በ3 ቀለም ቢለየው አብዛኛው ጉድለት ይሸፈናል፤ ሲያጸዳው ግን አልኮል ቀለሙን ስለሚያነሳ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይጠቀም።