ለጥርስ ሐኪምነት የቱ ኮሌጅ ይሻላል? ስም ያለው፣ የስቴቱ ወይስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ

እዚህ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ኤፕሪል በመጣ ቁጥር ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። «ልጄ ጥርስ ሐኪም ካልሆንኩ ብላለች፤ የት ትግባ?» የሚል ወላጅ አይጠፋም። ጠረጴዛው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምርጫ አለ፦ ስሙ የገነነ የግል ዩኒቨርሲቲ፣ የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ፣ እና ማንም ጮክ ብሎ የማይጠራው ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመቱ)፣ ሞንጎመሪ ኮሌጅ። እኔ በዚህ መንገድ አልፌያለሁ፣ ተደናቅፌም አውቃለሁ። ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልንገራችሁ።

ከስሙ እንጀምር። ከኮሌጅ በኋላ ለዴንታል ስኩል፣ ማለትም ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት፣ የሚያመለክት ሰው ማመልከቻውን የሚያስገባው በአብዛኛው አድሳስ (AADSAS) በሚባል አንድ ማዕከል በኩል ነው። አድሳስ ከየኮሌጁ ትራንስክሪፕት ይቀበልና ጂፒኤውን፣ ከ4 የሚሰጠውን አማካይ ውጤት፣ ራሱ እንደገና ያሰላል፤ አጠቃላዩን ለብቻ፣ የሳይንሱን ለብቻ። እዚህ ስሌት ውስጥ የኮሌጁ ዝና ቦታ የለውም። ከገነነው ቦታ የመጣ 3.2 ያው 3.2 ነው። የሚገቡት ልጆች አማካይ ደግሞ 3.6 አካባቢ ነው።

እኔ የገባሁት ስም ያለው ቦታ ነበር። እናቴ በየለቅሶ ቤቱ ስሙን ስትጠራ ደስ ይላት ነበር፤ እኔንም ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም። ከዚያ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ መጣ። አዳራሽ ሙሉ ልጅ፣ ግማሹ ሕክምና የሚያመለክት፣ ውጤቱ በከርቭ የሚሰጥ፣ ማለትም አንተ ጥሩ ብትሠራም ጎረቤትህ ከበለጠህ የምትወርድበት ክፍል ነበር። ሲ አገኘሁ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሜ ወሰድኩት፣ ኤ መጣ፣ ትምህርት ቤቱም አሮጌውን ሲ ከጂፒኤዬ አወጣልኝ። ተገላገልኩ ብዬ ቡና አፈላሁ። አድሳስ ግን ሁለቱንም ደመራቸው! እዚያ የተደገመ ኮርስ የቀድሞውን አያጠፋም። ይህን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ አማካሪዬም ጭምር።

ስም ምንም አይሠራም ማለቴ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ቦታ የምርምር ላብራቶሪ ይበዛል፣ አማካሪ ቢሮው ይደራጃል፣ ዴንታል ስኩል ተማሪ የሚመርጡትም ሰዎች ጠንካራ ትምህርት መሆኑን ያያሉ። ግን አንዳንድ ኮሌጅ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈው በኮሚቴ ነውና ውጤቱ ያነሰውን ልጅ ሊገፋው ይችላል። ከመግባታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ።

አሁን ወደ ገንዘቡ፣ ዋናው ጉዳይ ወዳለበት። የግሎቹ ከነመኖሪያው በዓመት 90 ሺህ ዶላር የሚያልፉ አሉ። ኮሌጅ ፓርክ ለሜሪላንድ ነዋሪ ትምህርቱ ብቻ 12 ሺህ አካባቢ ነው፤ ልጅቷ ከቤት ከተመላለሰች ሌላው ወጪ ቀላል ነው። ሞንጎመሪ ኮሌጅ ለካውንቲው ነዋሪ ከዚያም በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ስኮላርሺፕ ካለ ነገሩ ይለወጣል፤ የግሉ ቦታ በርዳታ ከስቴቱ ሊረክስ ይችላልና የመጀመሪያውን ዋጋ አይታችሁ አትደንግጡ፣ የመጨረሻውን ደብዳቤ ቁጥር አነጻጽሩ።

ይህን ያህል የምጨነቀው ከኋላ የሚመጣው ዕዳ ስለሚያስፈራ ነው። ከዴንታል ስኩል ተበድሮ የሚመረቅ ሰው በአማካይ 300 ሺህ ዶላር አካባቢ ዕዳ ይዞ ይወጣል። ቀድሞ መንግሥት እስከ ትምህርቱ ዋጋ ድረስ ያበድር ነበር። በ2025 በወጣው ሕግ ግን ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ግራድ ፕላስ የሚባለው ሎን ለአዲስ ተበዳሪ ቀርቷል፤ ለዴንታል ስኩል ከመንግሥት የሚገኘው በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ነው። የጎደለው ከግል ባንክ ይመጣል፣ ባንኩ ደግሞ ዋስ ይላል። ዋሱ ማን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ወላጅ ለኮሌጅ የሚበደረው ፓረንት ፕላስም ለአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በድምሩ 65 ሺህ ላይ ተገድቧል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ያለ ዕዳ ወይም በትንሽ ዕዳ ቢያልቁ የቀረው መንገድ ይቀላል።

ታዲያ ሁሉም ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይግባ? እዚህ ጋ ቆም በሉ። አንዳንድ ዴንታል ስኩል ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚቀበለውን ክሬዲት ይገድባል፣ አንዳንዱም ሳይንሱ ከአራት ዓመት ኮሌጅ ቢሆን ይመርጣል። የኔ ሐሳብ እንግሊዝኛውን፣ ሒሳቡን፣ ጄኔራል ኬሚስትሪውን እዚያ መጨረስ፣ ኦርጋኒክን፣ ባዮኬሚስትሪንና ከፍ ያለውን ባዮሎጂ ደግሞ ወደ አራት ዓመቱ ኮሌጅ ትራንስፈር ካደረጉ በኋላ መውሰድ ነው። ከትራንስፈር በኋላ ውጤቱ ካልወረደ ማንም ክፉ አያስብም። ከወረደ ግን «እዚያ ቀላል ስለነበረ ነው» ይባላል።

ስለ ስቴቱ አንድ ስህተት ላርም። ኮሌጅ ፓርክ መግባት ባልቲሞር ያለው ዴንታል ስኩል መግባት አይደለም፤ ዴንታል ስኩሉ ያለው በሌላ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው። መነሻው በ1840 የተከፈተው፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ ነው፤ የስቴቱ ነዋሪ ደግሞ ከውጭ ከሚመጣው ያነሰ ይከፍላል። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም የራሱ ዴንታል ስኩል አለው፣ ከ1881 ጀምሮ፤ ኮሌጁን ከዴንታል ስኩሉ ጋር አጣምሮ የሚያስኬድ ፕሮግራምም አለው። እንዲህ ዓይነቱን ካገኛችሁ በጥሞና እዩት፣ ግን ለመቆየት የሚጠይቀውን ጂፒኤ አንብቡ።

ዳት (DAT) የሚባለው የዴንታል ስኩል መግቢያ ፈተና ከየትም ኮሌጅ ቢመጡ ለሁሉም አንድ ነው። ከማርች 2025 ጀምሮ ውጤቱ ከ200 እስከ 600 ነው የሚሰጠው፤ «20 ካመጣሽ ይበቃል» የሚላችሁ ሰው የድሮውን ነው የሚያወራው። በፈተናው ውስጥ ቅርጽ በዓይነ ሕሊና የማገላበጥ ክፍል አለ፤ እሱን የትኛውም ኮሌጅ አያስተምርም፣ ቤት ቁጭ ተብሎ ነው የሚለመደው።

ከቤት መመላለስ ሌላም ጥቅም አለው። ዴንታል ስኩሎች ልጅቷ ከጥርስ ሐኪም ጎን ቆማ ሥራውን ያየችበትን ሰዓት ይጠይቃሉ፣ 100 ሰዓት ማለት ጥሩ ነው። እዚህ አካባቢ ደግሞ በአማርኛ «ነይ እሺ፣ ሐሙስ» የሚሉ ሐበሻ ጥርስ ሐኪሞች አሉ። ሩቅ ከተማ ያለች ልጅ ይህን ከየት ታመጣዋለች? (አገር ቤት ጥርስ ሐኪም ሆናችሁ የመጣችሁ ሌላ መንገድ ነው ያላችሁ፣ ካፒድ የሚባል፤ ይህ ጽሑፍ እናንተን አይመለከትም።)

ለእህቴ ልጅ የመከርኳት ኮሌጅ ፓርክን ነው። እህቴ ትንሽ አኮረፈች። የግሉ ቦታ ሙሉ ስኮላርሺፕ ቢሰጣት ሂጂ እላት ነበር፤ ቤታቸው ቢቸገር ደግሞ ሞንጎመሪ። የትኛውንም ብትመርጡ ልጅቷ ልታመለክት ላሰበችባቸው ሦስት አራት ዴንታል ስኩሎች ዛሬውኑ ኢሜይል ትጻፍ፦ ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስንት ክሬዲት ትቀበላላችሁ? መልሱን አታጥፋው።