ለ9 ዩሮው «የብር» ሳንቲም እንዳትታለሉ

ቪየና ያላችሁ ወገኖቼ፣ በተለይ ለቤተሰብ ስጦታ የምትፈልጉ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

ጥር ላይ ስልኬ ላይ አንድ ማስታወቂያ መጣ። ጥንዶች ቫልስ ሲደንሱ የሚያሳይ የመታሰቢያ ሳንቲም ነው። «የከበረ ብር፣ 9 ዩሮ ብቻ፣ ለአንድ ሰው አንድ» ይላል። ያኔ ከተማው በሙሉ የዳንስ ድግስ ላይ ስለነበር እኔም አማረኝና አዘዝኩ። ለፋሲካ አዲስ አበባ ስሄድ ለእማዬ ሰጠኋት።

እማዬ የእናቷን ጠገራ ብር (የድሮውን የማሪያ ትሬዛ ሳንቲም) እስከዛሬ በመሐረብ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። አወጣችውና ሁለቱንም በየተራ ሲሚንቶው ላይ ጣል አደረገቻቸው። ጠገራው ረዘም አድርጎ አቃጨለ። የኔው ዷ ብሎ ቀረ። «ልጄ፣ ይሄ ብር አይደለም» አለችኝ። ጠገራ ሲባል እኮ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ 23 ግራሙ ንጹሕ ብር ነው። እሷ ደግሞ ድምፁን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች።

የምስክር ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው በደቃቅ ፊደል «ፈርዚልበርት» ይላል። በብር የተለበጠ ማለት ነው። ውስጡ መዳብ ነው። ቤት ሳለሁ በማግኔት ሞክሬው አልሳበውም ነበርና ተማምኜ ነበር። ለካ ማግኔት መዳብንም አይስብም!

እውነተኛው የቫልስ ሳንቲም ሌላ ነው። የኦስትሪያ መንግሥት ሳንቲም አምራች እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ባለ 5 ዩሮ ነው። ዘጠኝ ጎን አለው፤ የዘጠኙ ክፍላተ ሀገር ምልክት ነው። የሀገሪቱ ስምና ዋጋው ተቀርጾበታል። የኔው ላይ ሁለቱም የሉም። ተራ ሜዳሊያ ነው። እውነተኛውም ቢሆን በብርም በመዳብም ስለወጣ፣ የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ አትክፈሉ።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። ስመለስ ጎረቤቴ ሌላ ፓኬት ተቀብላልኛለች፣ ከነ79 ዩሮ ሂሳቡ። ለካ ሳዝዝ ሙሉ ስብስቡን በየጊዜው እንዲልኩልኝ ተስማምቻለሁ። በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ከደረሰ በኋላ 14 ቀን ውስጥ ምክንያት ሳይሰጡ መሰረዝ ይቻላል። እኔ የቀረኝ ሦስት ቀን ነበር። በኢሜይል ሰረዝኩ፣ ዕቃውን መለስኩ፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያዝኩ። ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ አርባይተርካመር (የሠራተኞች ምክር ቤት) በነጻ ያማክራችኋል፤ ደውሉላቸው።

እንዲህ ያለ ፓኬት ቤታችሁ ካለ፣ የደረሰበትን ቀን አሁኑኑ አጣሩ።