ኪንግስተን ዲሲ600ኤም፦ መብራት ለሚጠፋበት ቤት የሚሆን ኤስኤስዲ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ የአንድ ፎቶ ቤት ሰርቨር በእኔ እጅ ነው። የሙሽሮች ፎቶና ቪዲዮ ስለሚቀመጥበት ዲስክ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው የተጻፈው ፋይል ሳይበላሽ ይቆያል ወይ ብዬ ነው። ኪንግስተን የሚያመርተውን ዲሲ600ኤም ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ ዳታን ቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ) የወደድኩት በዚህ ነው።

የገዛሁት ባለ 960 ጊጋባይቱን ነው። ውስጡ ካፓሲተሮች አሉት። መብራት ድርግም ሲል ካሹ (ጊዜያዊ ማቆያው) ላይ የቀረውን ዳታ ቺፑ ላይ ጽፎ ለመጨረስ የሚበቃ ኃይል ይሰጡታል። ርካሾቹ ላይ ይህ የለም። ሁለት ርካሽ ዲስክ በሬይድ 1፣ ማለትም አንዱ የሌላው ኮፒ እንዲሆን፣ አጣምራችሁ መብራት ቢሄድ፣ አንዱ አዲሱን ሌላው አሮጌውን ይዞ ሊቀር ይችላል። ተራ ሬይድ ደግሞ ልዩነቱን ቢያይ እንኳ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ መለየት አይችልም። ስለዚህ ሁለት ዲስክ አጣምሬ የጫንኩት ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሲስተም ነው፤ ለእያንዳንዱ ብሎክ (የዳታ ቁራጭ) ቼክሰም፣ ማለትም ከዳታው የተሰላ መለያ ቁጥር፣ ስለሚይዝ የተበላሸውን ለይቶ ከጤነኛው ኮፒ ይጠግናል። በየወሩ ስክራብ (የተጻፈውን ሁሉ አንብቦ የሚያረጋግጥ ፍተሻ) አስደርጌ የቼክሰም ስህተት የሚቆጠርበትን ዓምድ አያለሁ፤ እስካሁን በሁለቱም ዲስክ ፊት ዜሮ ነው።

ሻጩ ሁለቱንም ዲስክ ዲሲ600ኤም አድርጎ ከአንድ ካርቶን ሊያወጣልኝ ሲል ግን እምቢ አልኩ። ጥንዱን ያደረግኩት የሳምሰንግ ፒኤም893ን ነው። ሚረር (ሁለት ዲስክ አንድ ዓይነት ኮፒ የሚይዙበት አሠራር) ሁለቱም ላይ እኩል ስለሚጽፍ እኩል ያረጃሉ፤ ፈርምዌራቸው (ዲስኩን የሚያሠራው የውስጥ ሶፍትዌር) አንድ ከሆነ ደግሞ ችግሩም አንድ ነው። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የሰርቨር አምራቹ ኤችፒኢ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ አስታውሱ፦ አንዳንድ በሳስ (የሰርቨር ዲስክ ማገናኛ) የሚሠሩ ኤስኤስዲዎች ፈርምዌራቸው ካልታደሰ 32,768 ሰዓት ሲሞላቸው፣ ማለትም በ3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ ቀጥ ይሉ ነበር። ዲስኩም ዳታውም አይመለስም። አንድ ቀን የተነሱ ዲስኮች አንድ ላይ ሲሞቱ ሬይድ ምን ያድናል?

ዋጋው ከላፕቶፕ ዲስክ ይወደዳል፣ ለእኔ ግን ተገቢ ነው። ለ5 ዓመት 1,752 ቴራባይት ጽሕፈት ይችላል፤ ለፎቶ ቤት ከበቂ በላይ ነው። ማገናኛው የተለመደው ሳታ ስለሆነ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ560 ሜጋባይት አያልፍም፤ የእኛ ኔትወርክ 1 ጊጋቢት ስለሆነ አይሰማንም። በ10 ጊጋቢት ከሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ቪዲዮ የምትቆርጡ ከሆነ ኤንቪኤምኢ (ከሳታ የሚፈጥነውን የኤስኤስዲ ዓይነት) ፈልጉ፣ ካፓሲተር ያለውን።

ስትገዙ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ስም አንብቡ። ኤ400ም ኪንግስተን ነው፣ ግን ካፓሲተሮቹ የሉትም።