ውሃ ለይ የቤንዚን ፊልትሮ ለጣና ጀልባ፦ ከምን ያድናል፣ ከምን አያድንም

ጧት ባሕር ዳር ላይ በመጀመሪያው የገመድ ጉተታ የተነሳ ሞተር ደብረ ማርያምን አልፎ ነዳጅ ሲሰጠው እየተንገጫገጨ ከጠፋ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው ካንዴላ ነው። ካንዴላው ይቀየራል፣ ሞተሩ ትንሽ ይሄዳል፣ መልሶ ይጠፋል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሲፈታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ውሃ ነው። ቤንዚን በሊትር 740 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ውሃ 1,000። ስለዚህ ውሃ ሁልጊዜ ከታች ይተኛል፤ ካርቡሬተሩ ነዳጅ የሚስብባት ጄትም ከታች ናት።

እዚህ የምንገመግመው ይህን ውሃ ካርቡሬተሩ ጋ ሳይደርስ የሚያስቀረውን ዕቃ ነው፤ በሰልባትዮው (በነዳጅ ታንከሩ) እና በሞተሩ መካከል የሚገባ፣ 10 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ) የሚያጣራ፣ ከሥሩ ግልጽ ኩባያ ያለው ውሃ ለይ ፊልትሮ። በዚህ ዕቃ የታወቀው ስም ራኮር ነው፤ ያማሃም የራሱ አለው። ፍርዱን ለማስቀደም፦ ዕቃው ጥሩ ነው፣ 15 የፈረስ ጉልበትና ከዚያ በላይ ሞተር ይዞ እስከ ዘጌ ወይም እስከ ደቅ ለሚወርድ አጥማጅ ይገባዋል። ችግሩ ብዙ ሰው የሚገዛው የማይሠራውን ሥራ እንዲሠራለት መሆኑ ነው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ካርትሪጁ (ተፈትቶ የሚቀየረው ማጣሪያ) ውስጥ ያለው ወረቀት ውሃ እንዳያስገባ ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ ቤንዚኑ ሲያልፍ የውሃ ጠብታዎች ውጭ ይቀራሉ፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ ሲከብዱ ወደ ኩባያው ይወርዳሉ። ዝገት፣ አሸዋና የጀሪካን ፍርፋሪም እዚያው ይቀራል። መንገድ ይዘጋል የሚለው ስጋት ለአነስተኛ ሞተር መሠረት የለውም። 15 ፈረስ ሞተር ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት በሰዓት 6 ሊትር አካባቢ ይበላል፣ ትንሿ የዚህ ዓይነት ፊልትሮ ግን በሰዓት ከ100 ሊትር በላይ ታሳልፋለች። 2 ማይክሮን የሚለውን ግን አትግዙ፤ እሱ ቶሎ ይደፈናል፣ ለካርቡሬተር ሞተርም የሚጨምረው ጥቅም የለም።

አሁን ወደማይሠራው። ቤንዚን ውስጥ የሟሟ ነገር በዚህ ፊልትሮ አይያዝም። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን እንዳለ ያልፋል። ሁለትና ሦስት ወር ጀሪካን ውስጥ ተቀምጦ ሽታው እንደ ቫርኒሽ የሆነ ቤንዚንም ያልፋል፣ ጄቷ ላይ ሙጫውን ይጥላል። ኢታኖል ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ 5 በመቶ፣ ከ2011 ጀምሮ ደግሞ 10 በመቶ ኢታኖል ቤንዚን ላይ እየቀላቀለች የሸጠችበት ጊዜ ነበር። 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን እስከ ግማሽ በመቶ ገደማ ውሃ ሟሙቶ ይይዛል፤ 20 ሊትር ላይ 100 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ አንድ ሲኒ ከምናምን። ያ ውሃ ሳይታይ በፊልትሮው ያልፋል። ከዚያ በላይ ሲሆን ኢታኖሉና ውሃው ተያይዘው በአንድ ላይ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ይህን ድብልቅም ፊልትሮው በአስተማማኝ አያቆመውም። እንዲህ ያለ ቤንዚን መድኃኒት የለውም፣ መጣል ነው።

ቤንዚኑ ምን እንደያዘ ለማወቅ ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ። ለኢታኖል፦ ጎኑ ቀጥ ባለ ግልጽ ጠርሙስ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጉና ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ፤ 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምራችሁ በደንብ ነቅንቁና አሥር ደቂቃ አስቀምጡ። የታችኛው ክፍል ከምልክቱ በላይ ከጨመረ ጭማሪው ኢታኖል ነው። ለነጭ ጋዝና ለናፍጣ፦ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቂት ጠብታ አድርጉና ጥላ ቦታ ይድረቅ። ንጹሕ ቤንዚን ምንም ሳይተው ይሄዳል፤ ነጭ ጋዝና ናፍጣ ዘይታም ነጠብጣብ ይተዋሉ። ይህ የሚደረገው የሁለት ምት ሞተሩ ዘይት ቤንዚኑ ላይ ከመቀላቀሉ በፊት መሆኑን ልብ በሉ፣ አለዚያ ሁሉም ነጠብጣብ ይተዋል። በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጥ ቤንዚን ሳይፈተን ሰልባትዮ ውስጥ መግባት የለበትም።

ብዙ ነገር የሚበላሸው አገጣጠሙ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ሰልባትዮ፣ ፊልትሮ፣ በእጅ የምትጨመቀው ጎማ ፓምፕ፣ ከዚያ ሞተር ነው። ፊልትሮው ቀጥ ብሎ፣ ኩባያው ወደ ታች ሆኖ በጀልባው የኋላ ግድግዳ ውስጠኛ ገጽ ላይ በቡሎን ይታሰራል፤ ካርትሪጁን ፈትቶ ለማውጣትና ከሥሩ ጠርሙስ ለመደቀን የሚበቃ ቦታ፣ ቢያንስ አንድ ስንዝር፣ ይተዉለታል። የፊልትሮው ራስ (ካርትሪጁ የሚታሰርበት የላይኛው ክፍል) ላይ መግቢያና መውጫውን የሚያሳይ ምልክት አለ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ፊልትሮ ውሃ አይለይም። ቱቦው ለ15 ፈረስ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር፣ ለ40 ፈረስ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የቤንዚን ቱቦ ይሁን። ገበያ ላይ በሜትር የሚሸጠው ነጭ የውሃ ፕላስቲክ ቤንዚን ሲነካው ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። የፊልትሮው ጥርስ ላይ የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፍሎን አትጠምጥሙ፤ ክሩ ተበጥሶ ጄቷን ይዘጋል። ቤንዚን የማይበላው ማሸጊያ ለጥፎ ማጥበቅ ነው።

ካርትሪጁ ሲገባ ጓርኒሲዮኑን (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቱን) ንጹሕ ዘይት ቀቡት፣ በእጅ አዙሩት፣ ጓርኒሲዮኑ ከነካ በኋላ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ዙር ብቻ ጨምሩ። ቁልፍ አያስፈልገውም። በቁልፍ የጠበቀ ካርትሪጅ ሲፈታ ቆርቆሮው ይጨራመታል፣ ጓርኒሲዮኑም የፊልትሮው ራስ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ያንን ሳያይ አዲሱን ከላይ የሚደርብ አለ፣ ሁለት ጓርኒሲዮን ደግሞ አየር ያስገባል።

አየር የሚገባበት ነገር ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት፣ ምክንያቱም ፊልትሮው ራሱ አዲስ በሽታ የሚያመጣው እዚህ ላይ ነው። ይህ የቱቦ መስመር የሚሠራው በመሳብ ነው። ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ) ላልቶ ከሆነ ቤንዚን ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። ምልክቱ ከውሃ ጋር አንድ ነው፦ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ) ደህና ይሠራል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይንገጫገጫል። ለመለየት ጎማ ፓምፗን እዩ። ሞተሩ ሲደክም ፓምፗ ጠፍጣፋ ሆና ከተጨመቀች ችግሩ ከእሷ በፊት ነው፦ የሰልባትዮው ክዳን ላይ ያለችው የአየር መግቢያ ብሎን ተዘግታለች፣ ካርትሪጁ ተደፍኗል፣ ወይም ሰልባትዮው ውስጥ ያለው መምጠጫ ቆሻሻ ይዟል። ፓምፗ ለስልሳ ከሆነና በእጅ ሲጨመቅላት ሞተሩ ነፍስ ከዘራ፣ ወይ አየር እየገባ ነው ወይ የሞተሩ የነዳጅ ፓምፕ ደክሟል። አየር የሚገባበትን ለማግኘት ሞተሩን አጥፉ፣ ፓምፗን ቀስቷ ወደ ላይ እንዲያይ ይዛችሁ እስክትጠነክር ጨምቁ፣ ከዚያ ከፓምፗ እስከ ሞተሩ ያለውን እያንዳንዱን ፋሼታ በሶፍት ጥረጉ። ሶፍቱ ከረጠበ ቦታው ያ ነው። ከፓምፗ በፊት ያሉት ፋሼታዎችና ካርትሪጁ ግን ይህ ግፊት አይደርሳቸውምና መጥበቃቸውን በእጅ ፈትሹ። ያቺ የክዳን ብሎን በተለይ ስንቱን አስጎትታለች፤ ለጉዞ ይዘጓታል፣ ሲነሱ መክፈት ይረሳሉ።

ውሃው የሚወጣው ጧት፣ ጀልባው ሳይንቀሳቀስ ነው። ሌሊቱን ሁሉም ነገር ተኝቷል፤ ከተነቀነቀ በኋላ ግን መለየት ያስቸግራል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሲጋራም ሞባይልም ሳይቀርብ፣ ከኩባያው ሥር ያለችውን መክፈቻ ላላ አድርጋችሁ 100 ሚሊ ሊትር ያህል በግልጽ ጠርሙስ ተቀበሉ። ከሥር ፍል ፍል የሚል ክብ ክብ ጠብታ ከታየ ውሃ ነው፤ እስኪጠራ ድረስ ድገሙት። መክፈቻዋን ዘግታችሁ ፓምፗን መልሳችሁ አጠንክሯት። የወጣውን ሐይቁ ውስጥ አትድፉት። ኩባያው በፀሐይ ብዛት ይገረጣልና ጀልባው በቆመበት ጊዜ ጨርቅ አልብሱት። ካርትሪጁ በየ100 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንዴ ይቀየራል፤ ቆሻሻ ቤንዚን ለሚጠቀም 50 ሰዓትም ብዙ ነው።

ፊልትሮው የሚወቀስበት ሌላ ነገር ከፍታው ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል፣ ስለዚህ 15 የተባለው እዚህ ከ12 ብዙ አይበልጥም። አየሩ ስስ ስለሆነ ለባሕር ዳርቻ ተለክቶ የመጣ ካርቡሬተር ቤንዚን ያበዛል፤ ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ይሆናል። ፊልትሮ ቢደፈን ኖሮ ነዳጅ አጥሮ ካንዴላው ይነጣ ነበር። ካንዴላው ጥቁር ከሆነ ፊልትሮውን ተዉትና አነስ ያለ ጄት ወይም ፒቹ (በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት) ዝቅ ያለ ፕሮፔለር ጠይቁ። በዝግታ እየሄዱ መንጠቆ መጎተት ለሚወዱም ይኸው ነው፤ ሁለት ምት ሞተር ረጅም ሰዓት በሚኒሞ ሲቆይ ካንዴላው ዘይት ይይዛልና በየግማሽ ሰዓቱ አንድ ሁለት ደቂቃ ነዳጅ ሰጥቶ ማስሮጥ ያጸዳዋል። እምቦጭ ባለበት ዳርቻ ደግሞ ሞተሩ ሲደክም መጀመሪያ የሚታየው ከጎኑ የሚተፋው ቀጭን ውሃ ነው። እሱ ከቀነሰ የውሃ መሳቢያው በሥር ታፍኗል፤ ነዳጁ ምንም አላደረገም።

ለፊልትሮው ከሚወጣው ገንዘብ በፊት ግን ጀሪካኑ ይስተካከል። የምግብ ዘይት የመጣበት ቢጫ ጀሪካን ለቤንዚን አልተሠራም፤ ክዳኑ አይገጥምም፣ የዘይት ቅሪቱም በሙቅ ውሃ ታጥቦ አይለቅም፣ ማጠቢያው ውሃ ራሱ ውስጡ ይቀራል። ለነዳጅ የተሠራ ጀሪካን ግዙ። የተቀዳው ቤንዚን ግማሽ ሰዓት ይቁም፣ ሳይነቀነቅ ይገልበጥ፣ የመጨረሻው ሁለት ጣት ያህል አይገልበጥ። ሰልባትዮው ሲሞላ መሬት ላይ ይቀመጥ እንጂ ጀልባው ውስጥ አይሁን። ግማሹ ባዶ የሆነ ሰልባትዮ ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ ጤዛ ይይዛልና አዳሩን ሞልታችሁ፣ ለመስፋፊያ ከሃያው አንድ እጅ ትታችሁ አሳድሩት። በክረምት ዝናብ ላይ ክዳን መክፈት ካስፈለገ ላስቲክ ይወጠርበት።

ዘይቱም ይጠንቀቁለት። 50 እጅ ቤንዚን ለ1 እጅ ዘይት (50 ለ1) ለሚፈልግ ሞተር 20 ሊትር ላይ 400 ሚሊ ሊትር ነው፤ በዓይን ግምት አይደረግም። ጠርሙሱ ላይ ቲሲ-ደብሊው-3 የሚል፣ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሁለት ምት ሞተር መሆኑን የሚያሳይ ምልክት መኖር አለበት። የባጃጅና የሞተር ሳይክል ቱ-ቲ ዘይት በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሠራ ነው፣ አመድ ትቶ ካንዴላና ፒስቶን ላይ ይጋገራል፤ ፊልትሮውም ዘይት አይመርጥላችሁም። ክረምት ነጭ ዓሣው ሊራባ ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች በሚወጣበት ወቅት ጀልባውን ለማሳረፍ ካሰባችሁ፣ የተቀላቀለውን ቤንዚን ተጠቅማችሁ ጨርሱ፣ የካርቡሬተሩን ማፍሰሻ ብሎን ፈታችሁ አድርቁት። ቱቦውን ነቅሎ ሞተሩ እስኪጠፋ ማሠራትም ይሠራል፣ ግን ሁለት ምት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ነው የሚያገኘውና በሚኒሞ ብቻ ይሁን።

ግዢ ላይ፦ የፊልትሮውን ራስና ካርትሪጁን ከአንድ አምራች ግዙ፣ ጥርሳቸው ይለያያል። ካርትሪጁ በየሱቁ የሚገኝ ዕቃ ስላልሆነ መጀመሪያውኑ ሁለት ይያዝ። ጥርሱ ስለገጠመ ብቻ የመኪና ዘይት ፊልትሮ የሚያስሩ አሉ፤ ያ ውሃ አይለይም። የአይሱዙ ናፍጣ ውሃ መለያም ርካሽና በቀላሉ የሚገኝ ነው፣ ግን ጓርኒሲዮኑና ኩባያው ለናፍጣ የተሠሩ ስለሆኑ ቤንዚን ሲያገኛቸው ሊያብጡና ሊሰነጠቁ ይችላሉ፤ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ደግሞ ክፍት ጀልባ ላይ እንኳ አይቀለድበትም። ግልጽ ኩባያ ያለው ፊልትሮ ሞተሩ ከውጭ ለተንጠለጠለ ጀልባ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ለሆነ ትልቅ የመንገደኛ ጀልባ ከታች የብረት ኩባያ ያለውን ጠይቁ። 8 ፈረስና ከዚያ በታች ሞተር ይዞ ከዳርቻ ለማይርቅ ሰው ግን ገንዘቡን ለጥሩ ጀሪካንና ወንፊት ላለው ኢምቡቶ ቢያውለው ይሻላል።